ከክራንች ጋር እሽቅድምድም

እኛ አካል ጉዳተኛ ስናይ ከንፈር ለመምጠጥ የሚቀድመን የለም። መንገድ ልቀቁለት ሲባል ግን ማን ይሰማል! ደግነታችን ዋጋ እስካላስከፈለን ድረስ ማር ነው። ቢሮ የገባ ደግነትማ ይብሳል፤ ዕቅድ ይወጣለታል፣ ባነር ይታተምለታል፣ የሚታዘንለት ሰው ብቻ ይረሳል። ሐሜት እንዳይመስላችሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማወጋችሁ።

ቡሬ የስፖርት መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ መካከል ይመኙሻል የምትባል የሽንዲ ገጠር ልጅ አለች። ቀኝ እጇን ከክርኗ በታች የወፍጮ ቀበቶ ወስዶባታል። በአንድ እጅ መቶ ሜትር መሮጥ ቀላል አይምሰላችሁ፤ የአጭር ሩጫ ግማሹ የእጅ ሥራ ነው። አንዱ ጎን እየተወዛወዘ ሌላው ባዶ ሲሆን ገላ ይጠመዘዛል፤ እሷ ያንን ለማረም ሁለት ዓመት ትከሻዋን ስትገራ ኖራለች። አነሳሷ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ሌሎቹ በሁለት እጃቸው መሬት ተደግፈው ሲያጎነብሱ እሷ አጭር የቀረ ክንዷን የምታሳርፍበት የላትም። ስለዚህ አናጺ ዘንድ ሄጄ ከባሕር ዛፍ ትንሽ መደገፊያ አስጠረብኩላት።

በዚህ መሀል ፍኖተ ሰላም ላይ የአካል ጉዳተኞች መቶ ሜትር ተጠራ። አንደኛ የወጣ ባሕር ዳር ሄዶ ይወዳደራል ተባለ። ይመኙሻል የምትሆነውን አጣች።

ሜዳው ደረስን። ድንኳን አለ፣ ድምፅ ማጉያ አለ፣ ለክብር እንግዶች የታሸገ ውኃ አለ። ጉዳት የሌለባቸው ሴቶችም በዚያው ቀን መቶ ሜትር ሊሮጡ ተሰብስበዋል። የአካል ጉዳተኞቹ ተወዳዳሪ ግን ሁለት ብቻ! ሁለተኛው ሰይድ የሚባል የጅጋ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ በሁለት ክራንች የሚሄድ፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ ጎልማሳ።

«ጌታው፣ እኔ አሎሎ ልወረውር ነው የመጣሁ» አለ ለውድድሩ አስተባባሪ።

«አሎሎው መጋዘን ተቆልፎበታል፤ ቁልፍ የያዘው ሰው መስክ ወጥቷል። እርስዎ ከእሷ ጋር ይሮጣሉ። ሁለታችሁም አካል ጉዳተኛ አይደላችሁ?»

ሰይድ አቀርቅሮ ክራንቾቹን አየ። እኔስ? አፌን ከፍቼ መናገር ሲገባኝ ባሕር ዳር ታየችኝና ይመኙሻልን ወደ ጎን ሳብኳት። «ሩጪና እንሂድ፤ ምን ቸገረሽ?» አልኳት። መምህር ነኝ ብያችሁ የለ!

«መምህር፣ ክራንች የያዘ ሰው ቀደምሁ ብዬ ለእናቴ ልንገራት?» አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ቀጥ ብላ ወደ አስተባባሪው ሄደች። «ከሴቶቹ ጋር ልሩጥ።»

«ብትወድቂስ ተጠያቂው ማን ነው?»

«መሬቱ ነዋ!»

መነሻው ላይ ያሉት ልጆች በሳቅ ፈነዱና ተጠጋግተው አንድ መስመር ለቀቁላት። አስተባባሪው ሰው ፊት ለመከልከል አፈረና ቅጣቱን በሌላ በኩል አመጣው። ከሴቶቹ ባሕር ዳር የሚሄዱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እንጨት መደገፍም አይፈቀድም፣ እንደ ሰው እኩል! አለ። እኩልነት የሚታወሰው ለመንፈግ ሲሆን ነው።

በቁሟ ተነሳች። ሌሎቹ ከመሬት ተወንጭፈው ሲወጡ እሷ ገና እግሯን ታነሳለች። ሰይድ በክራንቹ መሬቱን እየደበደበ «በይ! በይ!» ይላል። ሃምሳው ላይ ሁለቱን አለፈች፤ ሰማንያው ላይ አንዷን። መጨረሻው ላይ ከሁለተኛዋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ደረሱ፤ ሁለተኛዋ በደረቷ ቀደመቻት። ሦስተኛ። ባሕር ዳር ቀረ። እኔ አንገቴን ስደፋ እሷ ጉልበቷን ይዛ፣ እያለከለከች፣ ትስቃለች።

አስተባባሪው ወርቅማ ሜዳሊያ አንጠልጥሎ መጣ። የክብር እንግዳው ቸኩለዋል፣ ፎቶ አንሺው ቆሟል። «በአካል ጉዳተኞች አንደኛ ነሽ፤ ነይ» አላት።

«እሱንማ አልሮጥሁም።»

«ሜዳሊያው ታቅዷል እኮ!»

«እንግዲያው ያቀደው ይሩጥና ይውሰደው።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። ሰይድ ሳቁ አላቆም ብሎት ክራንቹ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው።

ወደ ቡሬ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ይቅርታ ልጠይቃት ቃል ስፈልግ እሷ ቀደመችኝ። «መምህር፣ ስንነሳ ስንት እርምጃ በለጡኝ?»

«ሦስት።»

«መጨረሻ ላይስ?»

«አንድ ስንዝር።»

«እንግዲያው ነገ በቁም መነሳት እንለማመዳ!» አለችኝ። ይቅርታውን ትቼ የልምምዱን ሰዓት ነገርኳት።

በሳምንቱ አስተባባሪው በፌስቡክ ፎቶ ለጠፈ፤ «አካል ጉዳተኞች በድል ደመቁ» ይላል። የክብር እንግዳው ሜዳሊያውን ከፍ አድርገው ይዘው፣ ግራና ቀኝ የኮሚቴው አባላት ተደርድረው፣ ስምንት ሰዎች ፈገግ ብለው ቆመዋል። አጉልቼ ቆጠርኩ። አሥራ ስድስቱም እጅ ሙሉ ነው።