ጥልቁ ሳፋ

ሕልም የሚታየው ሌሊት ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ እኔን ያነጋግረኝ። እኔ ትናንት፣ በእሑድ ምድር፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩባት አንዲት ሰዓት ውስጥ ዓለም ተገልብጣ አይቻለሁ።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ጭንቀቴን ልንገራችሁ። እሜቴ የምንላት ድመት አለችን። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አዳማ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኔና ከባለቤቴ ከውድነሽ ጋር ትኖራለች። ሰጋቱራ የተሞላች ሳፋ አለቻት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሳፋ ላይ ስትጸዳዳ አንድም ቀን አሳፍራን አታውቅም ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ዝቅ ባለው አልጋችን ላይ መሽናት ጀመረች። አንዴ አለፍናት፣ ሁለቴ አለፍናት። በአምስተኛው ውድነሽ አንሶላውን መሬት ላይ ወርውራ "ወይ እሷ ወይ እኔ!" አለች። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘርፌም ጩኸቱን ሰምታ መጣች።

"ድመት ሲያረጅ ክፋት ነው የሚጀምረው" ብላ መከረችን። "በማዳበሪያ ከታችሁ፣ መንገዱ እንዲጠፋት ሦስቴ አዙራችሁ፣ ራቅ ያለ ወፍጮ ቤት ጣሏት።"

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ለምኜ ለምኜ አንድ ዕድል ብቻ አስጨመርኩላት፤ አንዴ ብትደግም ማዳበሪያው ውስጥ ትገባለች ተባባልን። ባዶው ማዳበሪያ በር ሥር ተጣጥፎ ተቀመጠ። ትናንት እሱን እያየሁ ምሳ አልወርድ ብሎኝ ጠላ አበዛሁና ሄጄ ተጋደምኩ። እሜቴ ከአልጋው ፊት ለፊት፣ እኔው አንስቼ ካስቀመጥኳት ወንበር ላይ ሆና ታየኛለች።

ዓይኔን እንደከደንኩ ማዳበሪያው ውስጥ ነበርኩ።

እሜቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የማዳበሪያውን አፍ በጥርሷ ነክሳ ትጎትተኛለች። በቀዳዳው አጮልቄ ከተማውን አየሁ። ዝናቡ ከአስፋልቱ ወደ ሰማይ ይዘንባል፤ መንገደኛው ሁሉ ጃንጥላውን ከእግሩ ሥር ዘርግቷል። አንድ ታክሲ ውስጥ ሹፌሩና ረዳቱ ተኝተው ተሳፋሪዎቹ ይገፋሉ። ይሄኛውን በውኔም ስላየሁት ብዙ አልገረመኝም።

"የቤት ሰዎች ሕክምና" የሚል ሰሌዳ ያለበት ግቢ ገባን። ካርድ ክፍሉ ውስጥ መነጽር ያደረገ አይጥ ተቀምጧል።

"ዕድሜው?" አለ አይጡ።

"ስድሳ ስምንት" አለች እሜቴ።

"አይጥ ይይዛል?"

"ኧረ በሕይወቱ አንድም ይዞ አያውቅ!"

አይጡ ደስ አለው። "እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ወረፋ አይጠብቅም" ብሎ ካርዱን በጥርሱ በስቶ ሰጣት።

ከሐኪሙ በር ላይ ስንደርስ ግን ወረፋ ጠበቅን። አጠገባችን አንድ ወፍራም ቀይ ድመት ወይዘሮ ዘርፌን በገመድ ይዞ ተቀምጧል። ዘርፌ የክር ኳስ እያሳደደች ስለነበር አላየችኝም።

"ያንቺው ደግሞ ምን ሆነ?" ሲል ቀዩ ድመት ጠየቀ።

"አልጋዬ ላይ ይሸናብኛል" አለች እሜቴ በሐፍረት።

"አይ! ሰው ሲያረጅ ክፋት ነው የሚጀምረው። በማዳበሪያ ከተሽ፣ ሦስቴ አዙረሽ፣ ወፍጮ ቤት ጣዪው።"

"እሺ" አለች። ሌላ ምን ትላለች?

"ክፋት አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። ከአፌ የወጣው ግን "ሚያው" ብቻ ነበር።

"ሰማህልኝ?" አለችው እሜቴ። "ሰሞኑን ደግሞ መጮህም ጀምሯል።"

ሐኪሙ ትልቅ ጥቁር ውሻ ነው። እሜቴ ምንም አልፈራችውም። እኔን አንዴ እንኳ ሳይጠይቀኝ በአናቴ ላይ እሷን ይጠይቃታል። ውሃ ያበዛል? ሰሞኑን አዎ። ወንበር ላይ ይዘላል? ድሮ እንጂ አሁን አይሞክረውም። ከዚያ "እስቲ የሚጸዳዳበትን አምጡ" አለና አንድ ሳፋ አስቀረበ። ጎኑ ደረቴ ላይ ይደርሳል።

"ግባ" አለኝ።

ያ ሁሉ ጠላ ሊገድለኝ ደርሷል። እግሬን ላነሳ ብል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። የሳፋውን ጠርዝ ይዤ ተንጠለጠልኩ፤ ወደቅሁ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግሜ ወደቅሁ። ቢሮው ጥግ አንድ ለስላሳ አልጋ ተነጥፏል፤ ዝቅ ያለ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ወደዚያው ተሳብኩ። ክፋት የሚባል ነገር በልቤ አልነበረም። የምደርስበት እሱ ብቻ ስለነበረ ነው።

ውሻው መነጽሩን አወለቀ። "ሳፋውን ማን ቀየረው?" ሲል ጠየቀ።

በሕልም ውስጥ ሆኜም ደነገጥኩ። በውኑ ሳፋዋን የቀየርኩባት እኔ ነኝ። ልክ የዛሬ ወር፣ ሰጋቱራው እየተበተነ ውድነሽን አስቸገራት ብዬ፣ ጎኑ ከፍ ያለውን መርጬ ገዛሁ። ስገዛውም ብልህ ነኝ ብዬ ነበር።

እሜቴ ጆሮዋን ጣለች። "እኔ ነኝ" አለች። "እንዳይበትንብኝ ብዬ ጥልቅ ሳፋ አመጣሁለት።"

"ታዲያ በዚህ ጉልበቱ በምን ይውጣው? አመሉ አልተበላሸም፤ አርጅቶ መገጣጠሚያው ታሞ ነው። ዝቅ ያለ አምጡለት። የውሃውን ነገር ደግሞ በኋላ መርምረን እናያለን።"

እሜቴ አለቀሰች። "እኔን ይድፋኝ፣ የኔ ሽማግሌ" ብላ ግንባሬን በሸካራ ምላሷ ላሰችኝ። ከእንጀራ ሰፌድ ብዙ የማይበልጥ ዝርግ ሳፋ መጣ። ሳልንጠለጠል፣ ሳልወድቅ፣ አንድ እርምጃ ብቻ ተራምጄ ገባሁበት። ከዚያ ለቀቅሁት። እንዲያ ያለ እፎይታ ከተወለድኩ ጀምሮ አላውቅም።

ነቃሁ። ከሥሬ ይሞቃል።

እሜቴ ወንበሩ ላይ እንዳለች ናት፤ ጸጉሯ እንኳ አልረጠበም። ውድነሽ በሩ ላይ ቆማ አየር አሸተተች።

"ደገመችው!" አለች። ሮጣ ሄዳ ማዳበሪያውን አነሳችና ወደ ወንበሩ መጣች። እሜቴ አልሸሸችም። እኔም ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ስድሳ ስምንት ዓመት ያከበርኩት ስሜ አንዴ በዓይኔ ላይ ዞረ።

"ውድነሽ፣ አስቀምጪው" አልኳት። "እሷ አይደለችም።"

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ ያሾፍኩባት መሰላት። ብርድ ልብሱን ገልጬ ሱሪዬን አሳየኋት። ማዳበሪያው ከእጇ ወደቀ፤ እሷም ተከትላው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንባዋን እየጠረገች ሳለ ስለ ሳፋው ነገርኳት። መሳቋን አቆመች። "ውይ! ጉልበቷን አሟት ነው ለካ" አለች፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ሱሪዬን እንኳ ሳልቀይር በረንዳ ወጣሁ። የድሮዋ ዝርግ ሳፋ ሽንኩርት ተሞልታ እዚያ ነበረች። ሽንኩርቱን ደፍቼ ሰጋቱራ አለበስኳትና አስቀመጥኳት። እሜቴ ከወንበሩ በጥንቃቄ ወረደች፣ አሸተተች፣ አንድ እግር፣ ሁለት እግር፣ ገባች። ብዙ ቆየች። ሁለታችንም ያን ድምፅ ሰማን። ደስ አለኝ፣ ልደብቀው አልችልም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

"ነገ ሐኪም ያያታል፤ ውሃም አብዝታለች" አለች ውድነሽ።

"ጥልቁ ሳፋ ውስጥ ሽንኩርቱን ክተቺበት" አልኳት።

ጥልቁን ሳፋ አየች፣ አልጋውን አየች፣ እኔን አየች።

"ኧረ ባዶውን ይቀመጥ" አለች፤ "ላንተ ይሆናል።"