ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ሄደው

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገሬ ሰው፤ ሆድ እየነደደ እሱ ይስቃልና። እኔ ግን ስም ማጥፋት ይመስለኛል። ደም የሸሸገውን ገበና አደባባይ የሚያወጣ እንደ ጥርስ ያለ ሐቀኛ ዘመድ ከወዴት ይገኛል? ካላመናችሁኝ የእትዬ ዘሀራን ስሙ።

የሆላንዱ ገንዘብ ጉልደን ቀርቶ ዩሮ በገባ ሰሞን ነው። እትዬ ዘሀራ የወሎ ሰው ናቸው፤ አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበር። በአረጋውያን መጦሪያ የደች ሽማግሌዎችን ጥርስ ሲያጥቡ እየዋሉ የራሳቸው ግን ባንድ ዓመት ውስጥ አራቱ ተቦረቦሩ። «ትል ነው፤ ነቅላ ትገላግለኝ» ብለው ጥርስ ሐኪሟ ዘንድ አስተርጓሚ አድርገው ወሰዱኝ።

ሐኪሟ አፋቸውን አይታ መንቀያውን አላነሳችም። «ሻይ በስኳር በቀን ስንት ጊዜ ይጠጣሉ?» አለች።

«ሁለት ጊዜ በላት።»

«እትዬ፣ ሥራ ቦታ የሚይዙት ፔርሙስስ?» አልኳቸው።

«እሱማ ጉንጭ ጉንጭ ነው፤ መጠጣት ይባላል?»

ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ተረጎምኩላት። ጥርስን የሚጨርሰው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን መመላለሱ ነው አለች ሐኪሟ፤ አፍ ፋታ ያጣል። ቀጥላም አፋቸው ይደርቅ እንደሆን፣ ውሃ ይጠማቸው እንደሆን ጠየቀች። እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ውሃ አላረካኝ ካለ ከረመ» አሉ ቀስ ብለው።

ምራቅ ሲደርቅ ጥርስ ጠባቂ ያጣል፤ ስለዚህ ነቀላው ይቆይና ደምዎ ይታይ ብላ ወደ ቤተሰብ ሐኪማቸው፣ ወደ ሁይስአርትሳቸው ላከቻቸው። የደም ስኳራቸው ጣሪያ ነክቶ ተገኘ። «ጥርስ ብዬ ወጥቼ ስኳር ይዤ ገባሁ!» ብለው ደረጃው ላይ አለቀሱ።

ግን የወሎ ሴት አልቅሳ አትቀርም። መድኃኒቱን ያዙ፤ ትራሙን ትተው በእግር ሄዱ፤ ሻዩን ባዶውን ጠጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ሻዩ እንደ ኮሶ መረራቸው፤ እኛን ጎረቤቶቻቸውንም አብረው አማረሩን።

በስድስተኛው ወር ጥርስ ሐኪሟ ዘንድ ተመለስን። ከአራቱ አንዱ ጥርስ ባይተርፍም ሦስቱ ተሞልተው እንደ ዓለት ቆመዋል። «አዲስ ቀዳዳ የለም፤ ድዱም አይደማም» አለች ሐኪሟ። ልተረጉም አፌን ስከፍት እትዬ እጃቸውን አነሱ።

«ገብቶኛል።» ወደ እሷ ዞረውም በገዛ ደችኛቸው «ኼን ሳውከር!» አሉ፤ ስኳር የለም ማለታቸው ነው። ሐኪሟ አጨበጨበች፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ስንወጣ ግን መዝጋቢዋ ጋ ቆሙና ለእኔ ቀጠሮ አስያዙ። «ሻይህ ላይ ስኳር ሦስት ማንኪያ ስትጨምር አይቼሃለሁ!» አሉኝ።

ምን ልበል? ያን ሁሉ ምክር የተረጎምኩት እኔ፤ የሰሙት እሳቸው ብቻ።