ለጨረታ የቀረበው ስህተት

ቀጭ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ እንደገና ቀጭ፣ ቀጭ።

በመሥሪያ ቤታችን አገልግሎት ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ከመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ የማውዝ ድምፅ ከመጣ መንግሥት ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ ባለጉዳዩም ኮሪደሩ ላይ ጃንጥላውን እያራገፈ በተስፋ ይቆማል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ቀጭ ቀጩ ሲበዛ፣ ሲበዛ ቆይቶ ድንገት ተቋረጠ። መጋረጃው ተገለጠና የመስኮቷ ሠራተኛ ዲቦራ ብቅ ብላ በዘመናችን ከእግዜር ሰላምታ ቀጥሎ የሚታወቀውን ቃል ተናገረች።

«ሲስተም የለም።»

ስለ ሲስተሙ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። ድሮ፣ ማለትም እስከ አምና ድረስ፣ ቡና የጫነ ሰው ከግቢያችን መሸኛ የሚያገኘው ካርቦን እየገባበት በእጅ በሚጻፍ ወረቀት ነበር። ቡናው ይታያል፣ መሸኛው ይጻፋል፣ መኪናው ይሄዳል። ይህ ኋላ ቀር አሠራር ባለጉዳዩን ከምሳ በፊት ያሰናብት ስለነበር ሕዝብና መሥሪያ ቤት በቅጡ አይተዋወቁም ነበር። ስለዚህ ሲስተም መጣልን። ፒኤችፒ በሚሉት የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፈ ድረ ገጽ ነው፤ ፍሬምወርክ የሚባለው ምሰሶና ማገሩ ውጭ አገር ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ እኛ ጭቃውን እንመርግበታለን። ጭቃውን የመረገው የራሳችን ባለሙያ ጥበቡ ሲሆን፣ ሲስተሙ ከተመረቀ ወዲህ ኢንጂነር ካላሉት ቢጠሩትም አይሰማም።

ያን ጠዋት መስኮቱ ፊት የቆሙት ወይዘሮ ዐፊፋ ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው ከጅማ በኩል መጥተው ቴፒ የከተሙ፣ ቡና ሲያስለቅሙና ሲነግዱ የኖሩ ሴት ናቸው። አንድ መኪና ሙሉ ደረቅ ቡና በሸኮ በኩል አምጥተው ግቢያችን አስገብተዋል። ግቢያችን የገባ ቡና ያለ መሸኛ አይወጣም። የመኪናው ሸራ ቀዳዳ አለው፤ የከተማችን የሚዛን ሰማይ ደግሞ ቀዳዳ ፈልጎ አጥቶ አያውቅም። ዝናብ የጠጣ ቡና ይሻግታል፤ የሻገተውን ገዢ አፍንጫውን ይዞ ይመልሰዋል፤ የዓመት ልፋትም እዚያው ላይ ያበቃል።

«ሲስተሙ የት ሄዶ ነው?» አሉ ወይዘሮ ዐፊፋ።

«አለ፣ እማዬ። አምስት መቶ እያለ ነው እንጂ።»

«አምስት መቶ ምን?»

«አምስት መቶ ብቻ።»

ወይዘሮ ዐፊፋ የአገሩን ልማድ ያውቃሉና ቦርሳቸውን ከፈቱ። ዲቦራ ይህ የስህተቱ ስም እንጂ ዋጋው እንዳልሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከመች። ተሰላፊው ሁሉ ሰምቶ አላመናትም።

ኢንጂነር ጥበቡ ተጠራ። ስህተት የሚመረመረው በደረጃ መሆኑን በቅድሚያ ለተሰለፈው ሕዝብ አስተማረና ገጹን አደሰው። ስክሪኑ ላይ የነበረው አምስት መቶ ወደ አራት መቶ ዐሥራ ዘጠኝ ወረደ። ጥበቡ ይህን እንደ መሻሻል ቆጠረው፤ ዲቦራም አጨበጨበችለት። አራት መቶ ዐሥራ ዘጠኝ ማለት ግን ቅጹ ተከፍቶ ብዙ ስለቆየ የባለጉዳዩ ጥያቄ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው።

«እኔ እዚሁ ቆሜ ጥያቄዬ በምን አለፈበት?» አሉ ወይዘሮ ዐፊፋ።

«እርስዎ አላለፈብዎትም፤ ቶክን የሚሉት የቅጹ ይለፍዎ ነው ያለፈበት» አላቸው ጥበቡ በርኅራኄ።

ከዚያ ፍሬምወርኩን ወደ አዲሱ ስሪት አሳደገው። አዲሱ ስሪት ከአሮጌዎቹ ክፍሎች ጋር አልተዋወቅንም አለ፤ ስክሪኑ «ክላስ አልተገኘም» በሚል ቃል ከላይ እስከ ታች ቀላ። ጥበቡ ወደ ነበረበት መለሰው። ካሽ የሚሉትን የተጠራቀመ ጊዜያዊ ፋይል አጸዳ። ለፎልደሮቹ ሁሉ፣ ማንም ሰው ምንም እንዲያደርግባቸው፣ ሙሉ ፈቃድ ሰጠ፤ በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ፈቃድ ያለ ደጅ ጥናት የተሰጠው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ስህተቱ ግን ወይ ፍንክች።

በመጨረሻ ሌላ ብልሃት ሲጠፋ፣ ስህተቱ ራሱ ምን እንደሆነ እንዲናገር ተጠየቀ። ይህ መጀመሪያ ሊደረግ ይችል ነበር፤ ነገር ግን በመሥሪያ ቤታችን ጥፋተኛን መጀመሪያ መጠየቅ አልተለመደም። ስህተቱም ቦታ የለኝም አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሲስተሙ በተሳሳተ ቁጥር ስህተቱን ሎግ በሚባል አንድ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ፋይሉን ከፍቶት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ አድጎ፣ አድጎ ሰርቨሩን ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቶታል። የተሳሳተውን ሁሉ በትጋት ሲጽፍ ኖሮ ትክክሉን የሚጽፍበት ቦታ አጣ።

«ታዲያ አጥፋዋ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ዐፊፋ።

ጥበቡ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። በዚህ ጊዜ ነው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ካሣዬ ከኋላው የደረሱት።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«አንድ ፋይል ላጠፋ ነው፣ ጋሼ።»

«የማን ፋይል?»

«የማንም አይደለም። የስህተት ፋይል ነው።»

«የተሠራው በመንግሥት ኮምፒዩተር አይደለም?»

«ነው።»

«በመንግሥት መብራት? በሥራ ሰዓት?»

«ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭም ይሳሳታል።»

«እንግዲያ ትርፍ ሰዓትም ገብቶበታል» አሉ አቶ ካሣዬ። «የመንግሥት ንብረት ነው። ጣትህን አንሣ።»

የመንግሥት ንብረት የሚወገደው በንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ነው። ይህን ኮሚቴ የማያውቅ ሰው የቢሯችንን ጓሮ ይመልከት፤ እግር የሌላቸው ወንበሮች፣ ወንበር የሌላቸው እግሮች፣ ሞተሩ የወጣ ላንድክሩዘር አሉ። ላንድክሩዘሩ ውስጥ የጥበቃው ዶሮዎች ልጅ የልጅ ልጅ አይተዋል። ኮሚቴው አይቸኩልም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ሰምቷልና ከነጭራሹ አያፈስም።

ለስህተቱ ሲባል ግን አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፤ አስቸኳይ ማለት በዚያው ሳምንት ማለት ነው። አቶ ካሣዬ በመክፈቻ ንግግራቸው ስህተት የጋራ ሀብታችን መሆኑን፣ ያፈራነውም አመራሩ ከፈጻሚው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ መሆኑን ገልጸው፣ አወጋገዱም ግልጽነትና ተጠያቂነት የሰፈነበት እንዲሆን አሳሰቡ። ቀጥሎ ስህተቱ አላቂ ነው ወይስ ቋሚ ንብረት የሚለው ሰፊ ውይይት አስነሣ። እስከ ዛሬ ያላለቀ በመሆኑ ቋሚ ነው ተብሎ ተወሰነ። ቋሚ ንብረት መለያ ቁጥር ይለጠፍበታልና ወረቀቱ ተዘጋጅቶ፣ የሚለጠፍበት ቢታጣ የዲቦራ ስክሪን ላይ ተለጠፈ። ንብረቱ ያለበት ሁኔታ በሚለው ቦታ ላይም «አሮጌ፣ ነገር ግን ያለ እንከን የሚሠራ» ተብሎ ሰፈረ።

ውይይቱ ሲካሄድ ዝናቡም አላረፈም። የወይዘሮ ዐፊፋ ሾፌር ሳዲቅ ጭነቱ ላይ ወጥቶ እጁን ከሸራው ሥር ጆንያ ውስጥ ከተተ። ወርዶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አናገራቸው።

«እትዬ፣ ሞቅ ብሏል።»

ወይዘሮ ዐፊፋ ወደ መስኮቱ ተመለሱ። ቡና ጆንያ ውስጥ መሞቅ ከጀመረ ሻጋታው በር ላይ እንደ ቆመ እንግዳ ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል። ዲቦራን መሸኛውን እንደ ድሮው በእጅ እንድትጽፍላቸው ለመኗት። ዲቦራም በእጅ መጻፍ በሲስተሙ የተተካ መሆኑን፣ ሲስተሙ ባይኖርም መተካቱ እንደሚጸና በትሕትና ነገረቻቸው።

በመጨረሻ ማስታወቂያው በሩ ላይ ወጣ። «ያገለገለ የስህተት ፋይል በጨረታ ባለበት ሁኔታ ይሸጣል» ይላል። ገዢ አልመጣም። ሰዉ የየራሱ ስህተት ሞልቶታል፤ የመንግሥቱን ምን ያደርገዋል? አቶ ካሣዬ ማስታወቂያው ለሌላ ጊዜ ይራዘም ሊሉ ሲሉ፣ ወይዘሮ ዐፊፋ ዘለቁና እኔ እገዛዋለሁ አሏቸው። አቶ ካሣዬ ደስ አላቸው፤ ሆኖም ሕጉ ቢያንስ ሦስት ተወዳዳሪ እንደሚል አስታወሱ። ወዲያው በታሸገ ፖስታ ሦስት ዋጋ ገባ፤ የወይዘሮ ዐፊፋ፣ የሳዲቅና በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት። ውድድሩ ብርቱ ነበር። ሻይ ሻጯ የተሸነፈችው በአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ብቻ ነው። ሳዲቅ በውጤቱ ቅሬታ ካለው እንዲያቀርብ ተጠይቆ፣ ከእትዬ ጋር አልከራከርም አለ።

ርክክቡ በአዳራሹ ተፈጸመ። ጥበቡ ስህተቱን በፍላሽ አድርጎ፣ ፍላሹን በፖስታ፣ ፖስታውን በሁለት እጁ አስረከበ። ቀጥሎ የመውጫ ወረቀት መጣ። ሲስተሙ የሚያውቀው ቡናን ብቻ ስለሆነ ለተወገደ ንብረት መውጫ የሚጻፈው እንደ ድሮው በእጅ፣ በካርቦን ነው። አቶ ካሣዬ ራሳቸው እስክሪብቶ አነሡ።

«መኪና ይዤ ነው የምወጣው» አሉ ወይዘሮ ዐፊፋ። «የታርጋ ቁጥሬን ይጻፉልኝ።»

«ያሸነፉትን ንብረት በምን እንደሚጭኑት መወሰን የገዢው ድርሻ ነው።»

አቶ ካሣዬ የመሥሪያ ቤታቸው ስህተት መኪና የሚያስፈልገው መሆኑን እንደ ክብር ነው ያዩት። «ስህተት፣ በጅምላ፣ ይለፍ» ብለው ጻፉ፤ ከላይም ከታችም ማኅተም አደረጉበት። መሸኛውም ቦታው ስለተለቀቀ በቅርቡ ይወጣል ብለው አጽናኗቸው። ወይዘሮ ዐፊፋ አመስግነው ወጡ።

መኪናው በሩ ላይ ሲደርስ ጥበቃው ከፈለኝ ሰንሰለቱን ሳያወርድ ወረቀቱን ተቀበለ።

«ስህተት» ብሎ አነበበ። ሸራውን ገለጥ አድርጎ አሸተተ። «ቡና ቡና ይላል።»

«በዚህ አገር ቡና ቡና የማይል ስህተት አይተህ ታውቃለህ?» አሉት ወይዘሮ ዐፊፋ ከጋቢናው።

ከፈለኝ አሰበ። አይቶ አያውቅም። ማኅተሙን አንድ ጊዜ ደግሞ አየና ሰንሰለቱን አወረደ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ኬላዎችም ማኅተም እንጂ ጭነት አይመረምሩም። ጅማ ሲደርሱ ፀሐይ ጠበቀቻቸው፤ ቡናው የዘመድ ግቢ ላይ ተሰጥቶ ደረቀ፣ ሻጋታውም ሳይገባ ቀረ።

ወሬ እግር አለው። በማግሥቱ ኮሪደራችን ከጌጫም ከሸዋ ቤንችም በመጡ የቡና ነጋዴዎች ጢም ብሎ ሞላ። መሸኛ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ሁሉም ስህተት ሊገዛ ነው የመጣው፤ ለሦስት ለሦስት ሆነውም ተቧድነዋል። አቶ ካሣዬ ከቢሯቸው ወጥተው ሰልፉን አዩ። ጥበቡን ወደ ጎን ሳቡት።

«ከተሸጠው የተረፈ ይኖረናል?»

«ሁሉም አለ። የሰጠናቸው ግልባጩን ነው፤ ዋናው ይጥፋ የሚል ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም።»

«ዋናው እኛ ዘንድ ነው?»

«ነው። ሲስተሙም ቦታ አጥቶ እንደ ቆመ ነው።»

አቶ ካሣዬ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ እየተሸጠ የማያልቅ ንብረት ተገኝቶ አያውቅም። እዚያው እንደ ቆሙ የዓመቱ ዕቅድ እንዲከለስ አዘዙ። ጥበቡ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የስህተት ልማት ቡድን መሪ እንዲሆን፣ ሲስተሙን ያስተካከለ እንደሆነ ግን የመንግሥት ንብረት በማውደም እንደሚጠየቅ ገለጹለት። ነጋዴዎቹ አጨበጨቡ። አቶ ካሣዬም፣ ተሿሚው ለሕዝቡ ሁለት ቃል እንዲናገር ጋበዙት።

ጥበቡ ሰልፉን አየ። ከዚያ ጃንጥላውን ከመንጠቆው አነሣና በሰዉ መሀል ይቅርታ ይቅርታ እያለ ሾልኮ ወጣ። ግቢውን ተሻገረ፤ ሰንሰለቱን በእግሩ ተራምዶ ኢንጂነር እያሉ ቢጠሩትም ሳይሰማ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ሄደ።