የጋሽ ደምሴ የበር መብራት

እኛ የእጅ ባለሙያዎች አንድ የጋራ በሽታ አለብን፤ የታዘዝነውን ብቻ ሠርተን እጃችንን መሰብሰብ አንችልም። አናጺውን ተራ ዱካ ሥራልኝ ቢሉት እግሩን ሳያስጌጥ አያስረክብም። ልብስ ሰፊውን የተቀደደ ኪስ ስፋልኝ ቢሉት «ኮሌታውንስ ባዞርልዎት?» ይላል። ሐኪሞችም ሳይኖርባቸው አይቀርም፤ ግድ የለም፣ እነሱን እንተዋቸው። እኔ የማጫውታችሁ የራሴን ነው፤ ሳጫውታችሁም ደስ ብሎኝ አይደለም።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ መካኒሳ አቦ አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ የምጠግንባት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ ነበረችኝ። ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ጆሯቸው ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ጭራሽ ተዘጋ። እንግዳ እንዳያመልጣቸው የግቢያቸውን በር ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርገው፣ በረንዳቸው ላይ ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። የሚጠብቁት ማንን እንደሆነ ሰፈርተኛው ያውቃል። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ከበደ ሳሪስ ነው የሚኖረው፤ በአባታቸው ቤት ምክንያት ተኳርፈው ስምንት ዓመት አልተያዩም። ታላቅ ታናሹ ዘንድ ሄዶ አይለምንም፤ ሽማግሌ ይዞ መምጣት የታናሹ ወግ ነው። «ይምጣ ብቻ» ይሉ ነበር ጋሽ ደምሴ፣ «አፉን ሳይከፍት እስመዋለሁ።»

ታዲያ አንድ ቀን የሰፈር ፍየል ገብታ ጎመናቸውን ጨረሰችባቸውና ወደ እኔ መጡ። «በሩን ልዝጋው ነው። ሰው ደወሉን ሲነካ የሚበራልኝ አንድ አምፖል አድርግልኝ» አሉ።

አንድ አምፖል! የግማሽ ሰዓት ሥራ። ልቤ ግን እምቢ አለ። ከሞቱ ቴፖች የነቀልኳቸው፣ አተር የሚያህሉ ቀይና አረንጓዴ ኤልኢዲ የሚባሉ መብራቶች በጣሳ ሙሉ ነበሩኝ። አምስቱ ተደርድረው፣ የመጀመሪያው ቀስ ብሎ እየፈካ መጥቶ፣ እሱ እየደበዘዘ ሲሄድ ሁለተኛው ሲቀበለው፣ ከዚያ ሦስተኛው... ይህ በዓይኔ ዞረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብተር ላይ ስስልና ስሰርዝ ከረምኩ። ቀስታውን የሚሰጠው ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ ነው፤ ቧንቧ ስር እንደተደቀነ ጀሪካን ነው፣ እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል። በትንሹ ስሞክረው መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ውበት የለውም። ትልቅ አደረግኩት። አሁንም ቸኮለብኝ፤ ይበልጥ አተለቅኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ቁጭ ብለው፣ ተረጋግተው የታጠቁት እንደሚፈታ ግን የነገረኝ የለም።

በረንዳው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩላቸው። ጋሽ ደምሴ በራቸውን ዘጉና ወንበራቸውን ከበሩ ወደ መብራቱ አዞሩ። ወጥቼ ደወሉን ተጫንኩ። ስመለስ እያጨበጨቡ ነው። «አንተ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ!» ሰፈሩ ለጉድ መጣ። እኔም አቦ ለንግሥ ስሄድ ሰው ወደ እኔ እየጠቆመ ሲንሾካሾክ ደስ ይለኝ ጀመር።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። እኔ የሠራሁት ስለሆንኩ መብራቱ እስኪፈካ ጣቴን አላነሳም። የሰፈር ውሪም ደወሉ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው። ጨዋ ሰውስ? ጨዋ ሰው የሰው ደወል ነካ አድርጎ እጁን ይሰበስባል። ከዚያ ልብሱን አስተካክሎ ይጠብቃል፤ ለመድገም እንኳ ይሉኝታ ይይዘዋል። በእሱ ንክኪ ደግሞ ያ ጀሪካን ታቹም አይረጥብ። እንግዲህ ባለጌን የሚቀበል፣ ጨዋን የሚመልስ ደወል ሠርቻለሁ ማለት ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ይህን የተረዳሁት ከወራት በኋላ ነው። ለለቅሶ ወደ ሰፈራችን የመጡ አንድ የሳሪስ ሽማግሌ ሱቄ ደጃፍ ታክሲ እየጠበቁ፣ የጋሽ ደምሴን በር በከዘራቸው አሳዩኝ።

«ይኼ ሰውዬ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?»

«ምን አደረጉ?»

«ወንድሙን ይዘን ለእርቅ መጣን። ደወልን። ቤቶች አልን። በቆርቆሮው ሽንቁር ስናይ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ሦስቴ ደወልን፣ ዞር ብሎ እንኳ አላየንም። ከበደ እያለቀሰ ተመለሰ።»

የጋሽ ደምሴ ጆሮ እንደማይሰማ ሽማግሌው አያውቁም። ስምንት ዓመት ያልተያየ ወንድምስ በምን ያውቃል? መልሱ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነበር፦ አይሰሙም፤ ደወሉም የእኔ ጥፋት ነው። አፌን የያዘኝ ምን እንደሆነ አልደብቃችሁም፤ ኩራት ነው። ሰው ሁሉ ያደነቀልኝን ሥራ በገዛ አፌ ጥፋት ነው ማለት አቃተኝ። «አይ፣ የሰው ነገር!» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ታክሲው መጣ፤ ሄዱ።

በማግሥቱ ካፓሲተሮቹን በትንንሽ ቀየርኳቸው። አሁን ጣት ሲነካው አምስቱም ቦግ ይላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጋሽ ደምሴ «ምነው፣ ያ ውበቱ የት ሄደ?» ሲሉኝ ዕቃው አርጅቶ ነው ብዬ በምልክት ዋሸኋቸው። ሳሪስ ሄጄ ለአቶ ከበደ ሁሉንም ለመንገር አሰብኩ። እሑድ አልኩ፣ ዝናቡ ሲያባራ አልኩ፣ ከበዓሉ በኋላ አልኩ። ሳሪስ እኮ ባሕር ማዶ አይደለም።

ከጥምቀት በኋላ አቶ ከበደ አረፈ።

ጋሽ ደምሴ ለቅሶው ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ሰው የሚላቸውን በብጣሽ ወረቀት እየጻፍኩ እንዳስነብባቸው። ያኔ ለእርቅ የመጡት ሽማግሌዎች ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል። ጋሽ ደምሴ ድንገት፣ መስማት እንደተሳነው ሰው ሁሉ ድምፃቸውን ሳይመጥኑ፣ «ስምንት ዓመት ጠበቅኩት! አንድ ቀን ደጄን ቢረግጥ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ደምሴ መልሴን ሊያነቡ እጄን ያያሉ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብዬ ጻፍኩ። አንብበው፣ አጥፈው፣ የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።