ብቅሉ በሙሉ ድምፅ ስለ መጽደቁ

የመንደራችን የቤት ቢራ ጠማቂዎች ማኅበር ለታምሲን ፓስክ ሠርግ የሚሆነውን ብቅል ለመምረጥ የፈጀበት ጊዜ አሥራ አንድ ወር ብቻ ነው። ታምሲን ባሏን የመረጠችው በአንድ የአውቶቡስ ጉዞ ስለሆነ፣ ማን የበለጠ ኃላፊነት እንደሚሰማው ለአንባቢ ግልጽ ነው።

ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። የሙሽራይቱ አባትና የማኅበሩ ሊቀመንበር ሚስተር ኤልድሬድ ፓስክ፣ ለሠርጉ የሚበቃ የአገራችንን የኖርፎክን ቢራ በገዛ እጃቸው እንደሚጠምቁ በሙሽራው ቤተሰብ ፊት ቃል ገብተዋል። የሙሽራው ቤተሰብ ደግሞ በቢራው ከሚኮራው ከዮርክሻየር ነው። በዮርክሻየር ሰው ፊት በቢራ መዋረድ ከሞት የሚለየው ቀብር ስለሌለው ብቻ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ እንደመሆኔ ስምንት ስብሰባ መዝግቤያለሁ። ሦስቱ ያለቁት ብቅሉ ወለል ላይ ተዘርግቶ በአካፋ ይገላበጥ ወይስ በማሽን በሚለው ላይ ነው። በመጨረሻም ከአካባቢው ገብስ የተሠራ ፈዛዛ ብቅል እንዲሆን አቅጣጫ ተቀመጠ። አምጪ፦ ሚስተር ሆራስ ጎቱቤድ፣ መኪና ስላላቸው።

ሚስተር ሆራስ ጭነው የመጡት ግን እንደ ከሰል የጠቆረ፣ የተቆላ ብቅል ነበር። የተቆላ ብቅል ለመልክና ለሽታ ጭብጥ ጭብጥ ይጨመራል እንጂ ብቻውን ስኳር አይወጣውም፤ ስኳር ከሌለ ደግሞ ቢራ የለም። ይህን እያንዳንዱ አባል እንደ ስሙ ያውቃል።

ሚስተር ኤልድሬድ አንድ ፍሬ አኘኩ።

“ግሩም ነው።”

“ትንሽ ጠቆር አላለም?” አሉ ሚስተር ሆራስ።

“ኧረ በፍጹም! እንዲያውም ሞቅ ያለ መልክ አለው።”

“ካልሆነ ልመልሰው እችላለሁ።”

“ምን ሲባል! ያን ሁሉ መንገድ ነድተህ?”

ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማሩት ሚስዝ ዊኒፍሬድ ላርተር ጥርሳቸው ላይ የቀረውን ጥቀርሻ በሻይ አወረዱና፣ “ደፋር ምርጫ ነው” አሉ። በመሆኑም ብቅሉ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

በጥመቃው ቀን ብቅሉ በሚስተር ኤልድሬድ ጋራዥ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለስድስት ሰዓት ያህል ተዘፈዘፈ። ታምሲን ቀሚሷን ለክታ ስትመለስ ማንኪያ ነክራ ቀመሰች።

“አባዬ፣ ይሄ ምንም አይጣፍጥም።”

“ስኳሩ ትንሽ ዓይን አፋር ሆኖ ነው፣ የኔ ልጅ።”

“ዓይን አፋር? የለም እኮ! ያረረ ገንፎ ነው። ብቅሉ የተሳሳተ መሆኑን አታውቅም?”

“አውቃለሁ።”

“ሚስተር ሆራስስ?”

“እሱም ሳያውቅ አይቀርም።”

“ታዲያ ለምን አትነግረውም?”

አባትየው ደንግጠው የጋራዡን በር ገፋ አደረጉ። “ቀስ በይ እንጂ! ውጭ ቆሟል እኮ።”

ሠርጉ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ታምሲን ወደ ከተማ ነድታ ለአንድ ብቅል ሻጭ፣ “ቢራ የሚሆነው የቱ ነው?” አለችው። “ፈዛዛው፣ በስተግራ” አላት። ምርጫው መኪና ማቆሚያ ፍለጋውን ጨምሮ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያም ብቻዋን ጠመቀችው።

በሠርጉ ዕለት የሙሽራው አባት የታምሲንን ቢራ ጨልጠው፣ የብርጭቋቸውን ታች ሲመረምሩ ቆዩና፣ “ክፉ አይደለም” አሉ። በዮርክሻየር ከዚህ በላይ የተወደሰ ነገር መኖሩ አይታወቅም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሚስተር ሆራስ በናፕኪን ዓይናቸውን ጠረጉ።

ይህን ያዩት ሚስተር ኤልድሬድ ተነሡ። “ይህ ውጤት ማኅበራችን ባካሄደው ጥልቅ ጥናት፣ በተለይም ሆራስ ባመጣልን ብቅል የተገኘ ነው። ስለሆነም ለመጀመሪያው ልጅ ክርስትና ከዚያው ብቅል ሌላ አሥር ጆንያ እንዲያመጣልን ሐሳብ አቀርባለሁ። ተቃውሞ አለ?”

ታምሲን ከነቬሏ ብድግ አለች። እኔም ብዕሬን ከፈትኩ፤ ማኅበሩ ከተመሠረተ ወዲህ የመጀመሪያውን ተቃውሞ ልመዘግብ ነው። ታምሲን አፏን ከፈተች። ዞር ስትል ግን ሚስተር ሆራስ እንደ ትምህርት ቤት ተሸላሚ ደረታቸውን ነፍተው ያዩዋታል።

“እኔ የምለው…” አለች፣ “አሥር ጆንያ አያንስም?”

ሃያ ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።