ፍል ውሃ ውስጥ የተደረገው ስብሰባ

መዝናናት የሚባል ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰው ሳምንቱን ሙሉ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ሲናቆር ይከርምና እሑድ «እስቲ ትንሽ ልተንፍስ» ብሎ ራቅ ወዳለ ስፍራ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ታዲያ ምን ያደርጋል? አንገቱን አስግጎ የሚያውቀውን ሰው ይፈልጋል። ያ የአጥር ጠበኛው ከተገኘማ አቅፎ ሊስመው ምንም አይቀረው። ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ሳጤነው ኖሬያለሁ፤ ምክንያቱን ግን አላገኘሁትም። እናንተ ካገኛችሁት ንገሩኝ።

ናዝሬት በደርግ ዘመንም መዝናኛ አልጠፋባትም። ፀሐይዋ በረድ ስትል ባቡር ጣቢያ ሄዶ ከድሬዳዋ የሚመጣውን ባቡር መመልከት ነበር፤ ማንንም ሳይቀበሉ፣ ማንንም ሳይሸኙ፣ የሚወርደውን መንገደኛ ሻንጣ እያዩ «ምን ይዞ ይሆን?» እያሉ መገመት ብቻ። ጋሪ ተከራይቶ ከተማዋን መዞርም ነበር። የሁሉ ቁንጮ ግን ሶደሬ ነው፤ ፍል ውሃው፣ የዛፉ ጥላ፣ ከእጅ ላይ ዳቦ የሚመነትፉት ጦጣዎች። ችግሩ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ መኖሩ ነበር። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፤ ስሙ የተያዘ ሰው ደግሞ ቀበሌ ሱቅ ሄዶ ስኳር ሲጠይቅ «ስብሰባ ላይ አላየንህም» ይባላል። ከዚህ ጣጣ የሚያድነው የሕክምና ወረቀት ብቻ ነበር።

ፀሐይ የሰፈራችን ክሊኒክ ነርስ ነበረች። እኔ ከክሊኒኩ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የአገሪቱን ወንዞች ከነገባሮቻቸው በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ ፀሐይ ፊት ስቆም ግን የገዛ ስሜም ይጠፋኛል። ዓመት ሙሉ ጉንፋን ሳይዘኝ እየሳልኩ ክሊኒክ ተመላለስኩ። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ስስል፣ ወደ ጎሬ መመደቧንና በሚመጣው ማክሰኞ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ሳሌ ቀጥ አለ።

«ይልቅ መምህር፣ ጉልበትዎን አያምዎትም?» አለችኝ።

«ኧረ አያመኝም» ልል ነበር። ደግነቱ ዓይኗን አየሁት።

«በጣም እንጂ!» አልኩ።

«ቁርጥማት፤ እሑድ በፍል ውሃ ይታጠቡ» ብላ ጻፈችልኝ። «እኔም ለመሰናበቻ ሶደሬ ነኝ» ስትል ጨመረች።

ያን ወረቀት እንደ ፍቅር ደብዳቤ ትራሴ ሥር አድርጌ ሰነበትኩ። እሑድ ጠዋት የምናገረውን አውቶቡስ ውስጥ እየተለማመድኩ ሶደሬ ደረስኩ። ሸሚዜን አውልቄ ወደ ውሃው ስመለከት መጀመሪያ ያየኋቸው ጎረቤቴን እትዬ በላይነሽን ነው፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እግራቸውን ነክረዋል። ከእሳቸው ማዶ ልብስ ሰፊያችን እስከ አንገቱ ገብቷል። ከእሱ ማዶ ባለ ወፍጮ ቤቱ። ሁሉም ቁርጥማት ይዟቸዋል። ለካ ፀሐይ ለመላው ሰፈር አንድ እሑድ ሸልማ መሄዷ ኖሯል! እኔ ሞኙ የእኔ ብቻ መስሎኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሆዴ ባባ።

«የፈሩት ይደርሳል» እንዲሉ፣ ከእንፋሎቱ መሐል ፎጣ የጠመጠመ ራስ ብቅ አለ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ኦቦ ገመቹ! እሳቸውም ቁርጥማት ሳይዛቸው አልቀረም።

«ጓዶች፣ አከም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ሰጡን ጉሮሯቸውን ጠርገው። በጣታቸው ቆጠሩን፤ ደግመው ቆጠሩን። «ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ስብሰባው እዚሁ ይካሄዳል።»

ተካሄደም። የቀበሌው ጸሐፊም ከነመዝገቡ መጥቶ ኖሮ፣ ዳር ተቀምጦ ገለጠው። አጀንዳው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነበር፤ አንገታችን ድረስ ውሃ ውስጥ ሆነን ስለ ጎርፍ ተወያየን። ፀሐይ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ትስቃለች። እኔ የመመለሻው አውቶቡስ ሰዓት ሲቃረብ እያየሁ፣ ያጠናሁት ንግግር በሆዴ እንደተቀቀለ፣ ባለ ወፍጮ ቤቱ ስለ ድንጋይ አቅርቦት የሚሰጠውን አስተያየት አዳምጣለሁ።

በመጨረሻ «ልዩ ልዩ ጉዳይ ያለው?» ተባለ። እትዬ በላይነሽ እጃቸውን አወጡ።

«እኔ አለኝ። ይህቺ ልጅ ከነገ ወዲያ ጎሬ መሄዷ ነው። ይህ መምህር ደግሞ ሳል ሳይዘው ሲስል ዓመቱን ሙሉ ታዝበነዋል። እሱ እስኪናገር ብንጠብቅ ቦዩ ተቆፍሮ ያልቃል። ጉባኤው አንድ ነገር ይበል!»

ኦቦ ገመቹ አገጫቸውን አሻሹ። «ጋብቻውን የሚደግፍ እጁን ያውጣ» አሉ።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጠለቅኩ። ትንፋሼ እስኪያልቅ ውሃው ሥር ተቀመጥኩ። ብቅ ስል ይጨበጨባል፤ ኦቦ ገመቹም «በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል!» ይላሉ። ጸሐፊው ይህን ጽፎ ሳይጨርስ አንዲት ጦጣ መዝገቡን መንትፋ ዛፍ ላይ ወጣች።

በማግስቱ ኦቦ ገመቹ ጋብቻው መጽደቁን የሚያስረዳ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጻፉ። ፀሐይ ራሷ ወስዳ ለአለቆቿ ሰጠች፤ ምደባው ተሰረዘ፤ ተጋባን፤ ልጆች ወለድን።

ያ ድምፀ ተአቅቦ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ እንኳ ውሃ ሥር ነበርኩና አልቆጠሩኝም፤ ማን ይሆን? ልብስ ሰፊውን ጠርጥሬ ለዓመታት ሱሪዬን ሌላ ሰፈር አሰፋሁ። ቀጥዬ ባለ ወፍጮ ቤቱን ጠረጠርኩ። ጸጉሬ ሸብቶ፣ ጉልበቴን የምር አሞኝ፣ ባለፈው ሰሞን ከፀሐይ ጋር ሶደሬ ሄድን። እግራችንን ነክረን ሳለ፣ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገው ማን እንደነበር ጠየቅኋት።

«እኔ ነኛ!» አለች።

ክው አልኩ።

«እትዬ በላይነሽ ጠየቁኝ፣ ኦቦ ገመቹ ጠየቁኝ፣ ቀበሌው በሙሉ እጁን አውጥቶ ጠየቀኝ። አንተን ስጠብቅ ውሃ ሥር ገባህ። እስከ ዛሬም አልጠየቅኸኝም።»

ወደ ኋላ አሰብኩ። እውነቷን ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው እየጠረጠርኩ ስዞር፣ እሷ ከአጠገቤ ሆና አንዲት ጥያቄ ስትጠብቅ ኖራለች። አፈርኩ፤ እንባዬም መጣ። እጇን ያዝኩ።

«ፀሐይ፣ ታገቢኛለሽ?» አልኳት።

እግሯን ከውሃው አውጥታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቀስ ብላ አደራረቀች።

«ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» አለችኝ።