ቁጥር ሠላሳ አምስት ቱቦ

ዛሬ ጠዋት ሕልም አየሁ። ሕልምማ በሌሊት ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ሌሊቱን መቼ ተኛሁና! ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ አባዬ ባለጎማው አልጋ ላይ ተጋድሞ ተራውን ይጠብቃል፤ እኔን አጠገቡ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደኝ።

መጀመሪያ ግን የማደንዘዣዋ ሐኪም፣ ዶክተር ወይንሸት፣ ትናንት ያለችንን ልንገራችሁ፤ አለዚያ እንደኔ ግራ ይገባችኋል። አባዬ የሚኒባስ ረዳት ነው። ግራ ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት አለ። እሱን ሲያወጡት ከፈነዳ፣ ውሃው ወደ ደህናው ሳንባ ፈስሶ ያፍነዋል። ስለዚህ ግራው ይተኛል፣ ቀኙ ብቻውን ይተነፍሳል። እኔ አምስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ሳንባ ሁለት ነው ብለውኛል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይተኛል ያለኝ ግን የለም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ይሆናል የሚያስተምሩት።

ግራውን በሁለት ነገር ማስተኛት ይቻላል አለች። አንዱ ባለሁለት መንገድ ቱቦ ነው። ለየሳንባው የራሱ መንገድ አለው፤ ውሃው ቢፈስ እንኳ በዚያው ይመጠጣል። ሌላው ፊኛ ነው። የግራውን መግቢያ ይወትፈዋል፤ ግን በሽተኛው በጎኑ ሲገለበጥ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ለአባዬ የሚሻለው ቱቦው ነው። አባዬ ደግሞ ትንሽዬ ሰው ስለሆነ ቁጥር 35 ነው ልኩ፤ እሱ ከሆስፒታሉ አልቋል። ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ስድስት ፋርማሲ ገባሁ፤ ስድስቱም የለም አሉኝ። ሰባተኛው ዳገቱ ላይ ነበር። እግሬ ደከመኝ፤ ሁለት ሳምቡሳ በላሁና ተመለስኩ።

«ሁሉም ጋ ጠየቅኩ፣ የለም» አልኳት።

«እንግዲያው በፊኛው እንሠራለን» አለች።

ከዚያ ነው ሕልሙ።

የሆስፒታሉ በር ላይ ነበርኩ፤ ነጭ ጋውን ለብሻለሁ። ዶክተሮቹ ካርድ ይዘው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። በሽተኞቹ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ዶክተር ወይንሸት ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ፌስታል አንጠልጥላ ቆማለች።

«እህቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ከትናንት ጀምሮ ቆሜያለሁ።»

«ዛሬ በሽተኛ የለም፤ ስብሰባ ላይ ናቸው» አልኳት።

«መቼ ልምጣ ታዲያ?»

«የዛሬ ስድስት ወር። በባዶ ሆድሽ ነይ።»

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን ዘበኛው ፍየል ነበር፤ መጣና ወረቀቴን አሸተተው፣ ከዚያ በላው። ቁጥሩን ብቻ መልሶ ተፋው። 35ን በእጄ ይዤ ዳገቱን ሮጥኩ። እጄ ላይ ተዝለገለገ፤ ቁጥሩ ምራቅ ምራቅ ይላል።

ሰባተኛው ፋርማሲ ጫማ ቤት ሆኖ ቆየኝ። ቱቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። ሻጩ በርከክ ብሎ እግሬን ይለካል ስል አንገቴን ለካኝ።

«35 አለ?»

«37 ውሰጂ። በካልሲ ሲደረግ ልክ ይመጣል።»

«ኧረ ለአባቴ ነው! በጉሮሮ ነው የሚገባው!»

«ጉሮሮም ሲረግጡት ይሰፋል።»

«ፊኛስ አለ?»

«ፊኛ ለልደት ነው። ማን ተወለደ?»

«ማንም አልተወለደም።»

«ታዲያ ለምን ትዋሻለሽ?» አለና አንድ ጫማዬን አውልቆ መደርደሪያው ላይ ሰቀለው። ምኑን እንደዋሸሁት አልገባኝም። ገብቶኛል፤ ግን እሱ በምን አወቀ?

ልጠይቀው ስል ዳገቱ ቁልቁለት ሆነ። ተንከባልዬ አባዬ ደረት ውስጥ ገባሁ።

የአባዬ ደረት መናኸሪያ ነው። ሁለት ሚኒባስ ቆሟል፤ አንዱ ቀኝ ሳንባ፣ አንዱ ግራ ሳንባ። ተሳፋሪው አየር ነው፤ አየር ሆኖ ሳለ ሻንጣና ዣንጥላ ይዞ ይጋፋል። አባዬ መሃል ቆሞ ይጣራል፣ ሳይታመም በፊት በነበረው ድምፁ፣ መስኮት በሚያንቀጠቅጠው፦

«ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ! የሞላ! አንድ ሰው የቀረው!»

ግራው ሚኒባስ ተኝቶ ያንኮራፋል። ጣሪያው ላይ አንድ በርሜል ውሃ ተጭኗል። መግቢያው ላይ ፊኛ ተቀምጧል፤ የዘበኛ ኮፍያ ያደረገ ጉንጫም ሰውዬ።

«አንተ ነህ የምትጠብቀው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ። ዓለም እስካልተገለበጠ ድረስ ንቅንቅ አልልም።»

«ዓለምማ ተገልብጧል!»

«ማን አለ?»

«ዶክተሮቹ ተሰልፈዋል። ዘበኛው ፍየል ነው።»

ፊኛው ደነገጠ። ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋው። ባልነገርኩት ኖሮ! መናኸሪያው በጎኑ ተጋደመ። መጀመሪያ ኮፍያው ተንከባለለ፣ ከዚያ ራሱ ተከተለው። በርሜሉ ተሰነጠቀ። ጠብ አለ። ጠብ፣ ጠብ።

አባዬ መጣራቱን አቆመ።

«ዘይነባ፣ ያ ሁለቱን መንገድ የሚለየው ቱቦ የት አለ?»

«ሁሉም ጋ ጠይቄያለሁ፣ አባዬ።»

ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ባለዣንጥላ አየር «ስንት ጋ?» አለችኝ።

«ሰባት።»

«ስንት?»

«ስድስት... እና ሳምቡሳ።»

ውሃው ባዶ እግሬን ነካው። ቀዝቃዛ ነበር። አባዬ «መንገድ ልቀቁ!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«ዘይነባ! ዘይነባ!»

ነቃሁ። አንድ ጫማዬ ወልቆ አባዬ አልጋ ሥር ገብቷል። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ስትወለውል እግሬን አርሳዋለች። ዶክተር ወይንሸት ትከሻዬን ይዛ ቆማለች፤ ጋውኑን የለበሰችው እሷ ናት፤ ካርድም አልያዘችም።

«አባዬ አልገባም እንዴ?» አልኳት።

«አልገባም። ፊኛው የት እንደተቀመጠ የምናይበት ካሜራ ጠዋት ሥራ አቆመ። ሳላየው ደግሞ ፊኛውን አላምነውም። ቱቦው ቢኖር በማዳመጫም ቢሆን አረጋግጬ እገባ ነበር።» ሰዓቷን አየች። «እስከ አምስት ሰዓት ልጠብቅ እችላለሁ። ከዚያ ክፍሉን ለሌላ በሽተኛ እሰጣለሁ፤ የአባትሽ ተራ ከወር በኋላ ይሆናል። እብጠቱ ወር መጠበቁን እንጃ።» ዝቅ ብላ አየችኝ። «ትናንት ሁሉም ጋ ጠይቀሻል፣ አይደል?»

አባዬ ዓይኑን ገልጦ እያየኝ ነው። 

«ዳገቱ ላይ ያለው...» አልኩ። «እሱ ጋ አልሄድኩም።»

ዶክተሯ ሰዓቷን እንደገና አየች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አባዬ ግን ያለችውን ትንፋሽ ሰበሰበ፤

«አንድ... የቀረው!» አለና ሳል አጣደፈው። ሳሉ ሲለቀው እጁን ዘርግቶ የአልጋውን ብረት ሁለት ጊዜ መታ፣ ልክ እንደ ሚኒባሱ በር።

ሁለት ጊዜ ከተመታ ሂድ ማለት ነው። ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ ሮጥኩ።